አዴ ቀነኒ እና ስም የተምታታባቸው ፊቶች

አዴ ቀነኒ ማረፋቸውን የነገረኝ ሰው የደወለው ሊያረዳኝ ብሎ አይደለም። የኮምፒውተራቸውን የይለፍ ቃል ፈልጎ ነው።

«ሌንሴ፣ ደረጀ ነኝ። አክስቴ ባለፈው ሳምንት አርፋለች፤ ተቀብራለች። ስሚኝማ፣ ያ ኮምፒውተር ፓስወርድ አለው እንዴ? አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ቀድሞ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። ከጊንጪ አምቦ ስንት መንገድ ነው? አንድ ሰው ጠፍቶ ነው ለቀብራቸው የሚጠራኝ?

«የለውም» አልኩት። «እሳቸው ምንም ነገር ቆልፈው አያውቁም። አብራው፣ ይከፈታል። ግን እንዳትነካው፤ ነገ እመጣለሁ።»

«ኧረ አትልፊ፤ ቀላል ነው።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አምቦ ገባሁ። ፎቶ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሮቹ መንገድ ዳር ተደርድረዋል፤ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አቧራ ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል። ደረጀ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የኮምፒውተሩን ሽቦ ይጠቀልላል።

«አጸዳሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም ነዋ። የማንም ገበሬ ፎቶ ሞልቶት ነበር እኮ። እንዲህ ሆኖ ማን ይገዛዋል?»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። የባጃጅ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው እስኪያዳምጡኝ ድረስ ጮኽኩ። ደረጀ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። እኔ አግብቼ ጊንጪ ስገባ አዴ ቀነኒ የፎቶዎቹን ሙሉ ቅጂ የያዘ ሃርድ ዲስክ በእጄ ሰጥተውኛል። «አንዱ ከእኔ ቤት ውጭ ይደር» ብለው። ስለዚህ ያጸዳው ነገር አልጠፋም፤ የሚፈልግ ሰው ዛሬም እኔ ቤት መጥቶ ይወስዳል። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ያ ሰውዬ «የማንም ገበሬ» ያለው ምን እንደነበረ፣ ማንስ እንዴት አድርጎ እንዳከማቸው ካልተናገርኩ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።

አዴ ቀነኒ ፎቶ ማንሳት የተማሩት ከባላቸው ነው። ባላቸው በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን በዋናው መንገድ ዳር የከፈቱትን ፎቶ ቤት ትተውላቸው ሲያልፉ ዘመድ ሁሉ «ሽጪው» አላቸው። «የሚገዛው ሰው ፎቶ ማንሳት ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ዘመዱ አኮረፈ፣ እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ልጅ አልወለዱም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ዓመታት ካሜራ በተንጠለጠለበት በኩል ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡ ያየ ደንበኛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ቁጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ያላስቆጣቸው ነገር ነበር! ፎቶ በመቀስ ሲከረክም የሰው ጆሮ የሚቆርጥ ጸሐፊ ያስቆጣቸዋል። «ቶሎ በይልኝ» የሚል ሰው ያስቆጣቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሚስትየዋን ስሟን ሲጠይቋት ቀድሞ የሚመልስ ባል ነበር የሚያቃጥላቸው። «አንተን አልጠየቅኩም። ምላስ አላት» ይሉታል። ባልየው ይስቃል፤ እሳቸው ግን ሴትየዋ ራሷ እስክትናገር ድረስ ካሜራውን አያነሱም።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ፣ በኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ እጃጂ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ። «ፎቶ ማንሳትማ ማንም ያነሳል። እኛ የምንሠራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ምዝገባው ነበር። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ሲመጣ አንድ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም አስገብተው ነበር። እያንዳንዱን የሚያነሱትን ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ ለምን እንደተነሳ እየጠየቁ ያስገባሉ። ከሥሩ ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸውን ማስታወሻ ይጨምራሉ። «ካፖርቱ የወንድሙ ነው።» «ልጇ ከውትድርና አልተመለሰም፤ ሲመለስ ታሳየዋለች፤ በየዓመቱ ትነሳለች።» «ሦስቱም እህትማማች ናቸው፤ ጫማው ግን አንድ ነው፤ በተራ ተነሱ።» ጨዋታው የገባቸው ደንበኞች «መርማሪዋ» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ከቁም ነገር ነው የሚቆጥሩት። አንዲት እናት ከስድስት ዓመት በኋላ መጥታ የልጇን ስም ስትነግረን፣ ስሙን ጽፌ ስጫነው ፊቱ ሲወጣ፣ አዴ ቀነኒ ከኋላዬ ሆነው «አየሽ?» ይላሉ። የሚያስደስታቸው ያ ብቻ ነበር።

ደረጀ የወንድማቸው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ቤት ይሠራል። ለበዓል በመጣ ቁጥር ባንኮኒው ላይ ይደገፍና፣ «አክስቴ፣ ይሄ ፕሮግራም እኮ ሞቷል። አዲሱን ቨርዥን ልጫንልሽ። ቀላል ነው» ይላል። እሳቸውም በየበዓሉ ያንኑ ይመልሳሉ፤ «አሁን ያለው ምን በደለህ?»

አንድ ዓመት አዴ ቀነኒ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ አዲስ አበባ ሄዱ። ሁለት ሳምንት እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት ደረጀ ሲዲ ይዞ መጣ።

«አክስቴ ሕክምናው ላይ እያለች ጨርሼ ላስደንቃት ነው» አለኝ።

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«አውርተናል። ቅጂ አለሽ አይደል?»

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። አለኝ አልኩት። በሲዲ የገለበጥኳቸው ፎቶዎች ነበሩና አለኝ አልኩት። ፎቶዎቹ በአንድ በኩል፣ ስሞቹና ማስታወሻዎቹ ደግሞ በሌላ ፋይል እንደሚቀመጡ፣ እኔ የገለበጥኩት ፎቶውን ብቻ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ዲፕሎማ አለኝ! አላጣራሁም። አዲስ ነገር የማየት ጉጉትም ነበረብኝ። «በል ቀጥል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሲያሸጋግር ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ደረጀ እንደገና አስጀመረው። «ጨረሰ» አለ፤ ፎቶዎቹ በሰልፍ በሰልፍ ሆነው ብቅ ሲሉ «አየሽ? ቀላል ነው» ብሎኝ ወደ አዲስ አበባው ሚኒባስ ሄደ። እኔም አየሁ። ፊቶቹ ከነስማቸው ተደርድረዋል። የማን ፊት ከማን ስም ጋር እንደሆነ ግን አንዱንም አላጣራሁም።

ከሦስት ቀን በኋላ ኦቦ ቶለራ መጡ። ከደንዲ፣ ከሐይቁ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አርባ ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው፤ ኀዘን አጉብጧቸው ነበር። ሚስታቸው ጠጂቱ ሞታለች። መታወቂያዋ በሕክምና ሲንከራተቱ ጠፍቷል፤ በሕይወቷ የተነሳችው ፎቶ ደግሞ ለዚያው መታወቂያ እኛ ዘንድ የተነሳችው ብቻ ነው። «በትልቁ አድርጊልኝ፤ ልጆቹ የሚያዩት ነገር ይኑር» አሉኝ።

ስሟን ጻፍኩ። የአንዲት ሴት ፊት ወጣ። አጉልቼ አተምኩት፣ ፍሬም ውስጥ ከተትኩት፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ኦቦ ቶለራ ለመግለጥ አልደፈሩም። «መኪና ላይ አልችልም፤ እቤት አየዋለሁ» ብለው በደረታቸው አቅፈውት ሄዱ።

አዴ ቀነኒ አንድ ዓይናቸውን እንደተሸፈኑ የተመለሱት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ገቡ። አንደኛው ኦቦ ቶለራ። ሌላኛው የማላውቀው ወፍራም ሰው፤ ከኦቦ ቶለራ የነጠቀውን ፍሬም በብብቱ ይዞታል።

«ይቺ ሚስቴ ናት!» ብሎ ፍሬሙን ባንኮኒው ላይ ጣለው። «ጊንጪ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሰጥታኝ ነው የመጣሁት። ሰው ለልቅሶ ደንዲ ሄዶ፣ ሚስቴን ከግድግዳ ላይ ተሰቅላ ሲለቀስላት አይቶ መጥቶ ነገረኝ። ገደላችኋት እኮ!»

ኦቦ ቶለራ አልጮኹም። «እኔ ሳላየው ለቀስተኛው ገልጦ ሰቀለው። ትንሿ ልጄ 'እማዬን የት አደረሳችኋት' አለችኝ» ብለው ብቻ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

አዴ ቀነኒ ፍሬሙን አዩት፤ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዱ፤ በአንድ ዓይናቸው ማያውን ቁልቁል እያዩ አንድ ስም ጻፉ፣ ሌላ ስም ጻፉ፣ አሥር ስም ጻፉ። ወንድ በሴት ስም፣ ሕፃን በሽማግሌ ስም ይወጣል። ያቺ የወታደሩ እናት ፊት ሥር «ጫማው ግን አንድ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ስሞቹ ከመሐል ተበጥሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተንሸራተዋል። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን አላወለቁም።

«ማን ነካው?»

«ደረጀ» አልኩ። «እርስዎ እንደፈቀዱለት ነገረኝ።» ቅጂ አለኝ ማለቴን ዋጥኩት።

ለሁለቱ ሰዎች ዘወር ብለው፣ «ጥፋቱ የዚህ ቤት ነው» አሏቸው። ለጊንጪው ሰውዬ የሚስቱን ፎቶ እንዲያቃጥለው ሰጡት። ለኦቦ ቶለራ ደግሞ፣ «ጠጂቱን አገኛታለሁ። የት እንዳለች ዛሬ አላውቅም። ግን አገኛታለሁ» አሉ።

ከዚያ ደረጀ ጋ ደወሉ። ድምፁን እኔም እሰማዋለሁ። «ቀላል ነው አክስቴ፣ በስልክ አስተካክልልሻለሁ፤ ነገ ደውዪልኝ» አለ። በማግስቱ አላነሳም። በሚቀጥለውም። በሦስተኛው ሳምንት አንስቶ «ያው ፎቶዎቹ አሉ አይደል? ስም ምን ያደርግልሻል?» አላቸው። አዴ ቀነኒ መነጽራቸውን አውልቀው በአፋን ኦሮሞ የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ ልተረጉመው አልችልም። ዳግመኛ በዚያ ስልክ ሲያናግሩት አላየሁም።

እንግዲህ ጥገናው ተጀመረ። ጥገና ስል ፕሮግራም የሚጠግን ሰው እንዳይመስላችሁ። አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥተን አየውና «መዝገቡ ተጎድቷል፤ ፎቶዎቹን በእጅ ካልሰየማችሁ መንገድ የለም» ብሎ ሄደ። ከሃያ ሺህ በላይ ፊት። አዴ ቀነኒ ከሰዓት በፊት ደንበኛ መቀበል አቆሙ። እኔ ፎቶዎቹን በትንንሹ፣ በአንድ ወረቀት ሃያ ሃያ አድርጌ፣ ከሥራቸው ቁጥርና ኮምፒውተሩ የሰጣቸውን ስም ጨምሬ አተምኩ። እሳቸው ማስታወስ የሚችሉትን በእርሳስ ይጽፋሉ። የሚያስታውሱት ብዛት ያስፈራ ነበር። «ይቺ ልጅ ሰፌድ ሻጭ ናት፤ የአባቷ ስም ድሪባ።» «ይሄ ቁጡ ዓይን ያለው የጉደር ልጅ ነው።» የማያስታውሱት ላይ ሲደርሱ ግን ወረቀቱን በቡጢ ይመታሉ። «አነጋግሬሃለሁ እኮ! ምን ነበር ያልከኝ?» ብለው ፎቶው ላይ ይጮሃሉ።

ያላስታወሷቸውን ይዘን በየገበያው ወጣን። ገበያ በሚቆምበት ቀን ጊንጪ፣ ሌላ ቀን እጃጂ፣ አንዳንዴም ወደ ደንዲ ቀበሌዎች። ከማንም ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ለምነን ወረቀቶቹን እንዘረጋለን። ሰው ይከበናል። «ይሄ አጎቴ ነው!» «ይቺ አረብ አገር ሄዳለች።» «ይሄ ሞቷል፤ አንዱን ልትሰጪኝ ትችያለሽ?» አንዱ የሌላውን ስም ይነግረናል፣ ሌላው አይደለም ይላል፣ ይጣላሉ፤ አዴ ቀነኒ ሁለቱንም ይቆጣሉ።

እጃጂ አንድ ቀን የቀበሌ ሹም ነኝ ያለ ጎልማሳ መጣ። ሰው ገለል አለለት።

«በማን ፈቃድ ነው የሕዝብ ስም የምትመዘግቡት? ለማን ልትሰጡት ነው?»

አዴ ቀነኒ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አንተን አንስቼሃለሁ» አሉት። «ግራጫ ኮት ለብሰህ፣ ፀጉርህን አስተካክዬልህ። ስምህን ጠይቄህ ነግረኸኛል። ያን ቀን ፈቃድ አልጠየቅከኝም። ና፣ ራስህን ፈልግ።»

«እኔ የምጠይቀው...»

«ፈልግ አልኩህ!»

ሰውዬው ሕዝቡ ሲያየው ጊዜ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። በሦስተኛው ወረቀት ራሱን አገኘ። ከግራጫው ኮት ሥር «ወይዘሮ ዝናሽ» ይላል። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ታግሎ ታግሎ ሳቀ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የአሥራ አንድ ሰው ስም ነገረን። አዴ ቀነኒ አልሳቁም። «አሥራ ሁለተኛውን አየኸው? ዘለልከው» ነበር ያሉት።

ያን ቀን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ልማዳቸው ደረጀን መርገም ጀመሩ። ስድስት ወር ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሳይጠይቀኝ ገባ፣ ቅጂ እንኳ አላስያዘም፣ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ ይላሉ። ጉደር ልንደርስ ስንል ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

«አዴ፣ ቅጂ አለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አለኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀጥል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ዘወር ብለው አዩኝ። የተገፈፈው ዓይናቸው ጥርት ብሎ ነበር።

«ስድስት ወር?» አሉ። «ኦቦ ቶለራ በየቅዳሜው ፊትሽ ሲቀመጡ?»

የወረቀቱን ጥቅል ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ረዳት!» ብለው ጣራውን መቱ። «አቁምና ይቺን አውርድልኝ።»

ረዳቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ደግመው መቱ። ሚኒባሱ ቆመ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ወረድኩ፤ ሄዱ። በጠራራ ፀሐይ፣ የወረቀት ጥቅል በእጄ፣ ጉደር ድረስ በእግሬ ተጓዝኩ። ያን መንገድ ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ። ምን ዓይነት አሮጊት ናት፣ እውነት የነገራትን ሰው መንገድ ላይ የምትጥል! እያልኩ ድንጋይ ስጠልዝ ጫማዬ ተቀደደ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። እውነቱን ስለነገርኳቸው አይደለም የወረድኩት። ስድስት ወር በሰው ላይ ሲፈርዱ ዝም ብዬ ስላስፈረድኳቸው ነው። ደረጀ ጥፋተኛ ነው፤ ዛሬም አልምረውም። የእኔን ድርሻ ግን እሱ ተሸክሞልኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሊያባርሩኝ እንደሚችሉ እያወቅኩ ሥራ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ክምር ወረቀት ጠብቆኛል። ቀና አላሉም።

«ታኢ፣ ተቀመጪ» አሉ። «የጊንጪው ቀርቷል።»

ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አንስተን አናውቅም። ይቅር አሉኝ ልላችሁ አልችልም፤ አላሉኝም። ቀድሞ በራሳቸው ቦርሳ ይይዙት የነበረውን የሱቁን ቁልፍ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እኔ ዘንድ አሳደሩት።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ከጥቂት መቶዎች በቀር ሁሉም ፊት ስሙን አገኘ። ጠጂቱ ግን የለችም። ኦቦ ቶለራ ወረቀቶቹን ሁሉ ደጋግመው አይተዋል። በየቅዳሜው እህል ሸጠው ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ «አልተገኘችም?» ይላሉ። አዴ ቀነኒ «አልተገኘችም» ይላሉ። ሌላ ምክንያት ሲደረድሩ አልሰማኋቸውም። ኦቦ ቶለራ ሲወጡ ግን አዴ ቀነኒ ያገኙትን ነገር ይወረውራሉ፤ አንድ ቀን ማበጠሪያ ነበር፣ አንድ ቀን የካሜራ መቆሚያ።

ያገኘኋት እኔ ነኝ። አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ፣ አዴ ቀነኒ በአሮጌው ላይ «ያልተፈለገ» ብለው ምልክት ያደረጉባቸውን ፎቶዎች ለብቻቸው ለይቶ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሸሽጓቸው ኖሯል። የጨፈኑ፣ የተንቀሳቀሱ፣ ያስነጠሱ ሰዎች። አንድ በአንድ እያየሁ ስወርድ የአንዲት ሴት ፎቶ ላይ ደረስኩ። ቁጥሯን ሳየው ቀጣዩ ቁጥር የተበላሸ ፋይል መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ያኛው ሲዲዎቹን ከገለበጥኩ በኋላ የተነሳ፣ መብራት ሲጠፋ ግማሹ ተቆርጦ፣ ከግንባር በታች ግራጫ ብቻ የቀረ ነበር። ሁለቱ ተከታትለው የተነሱ የአንዲት ሴት ፎቶዎች መሆን አለባቸው።

«አዴ፣ ይምጡማ።»

መጡና አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ጠጂቱ» አሉ በቀስታ። «አስታወስኳት።»

በመጪው ቅዳሜ ኦቦ ቶለራ ሲገቡ አግዳሚው ላይ እንዲቀመጡ አልፈቀዱላቸውም። «ኮቱ፣ ኦቦ ቶለራ። ወዲህ ይምጡ» ብለው ኮምፒውተሩ ፊት አቆሟቸው።

ሴትየዋ እየሳቀች ነበር። አሳሳቋ ዝም ብሎ ፈገግታ አይደለም፤ ራሷ ወደ ኋላ ሄዷል፤ አፏን ልትሸፍን ያነሳችው እጅ አገጯ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ፍንጭት ጥርሷ እስከ ድዷ ይታያል፤ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል።

ኦቦ ቶለራ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ማያው አስጠግተው፣ ሳይነኩት፣ «ጥርሷ» አሉ።

ቆይተው ደግሞ፣ «መታወቂያዋ ላይ ግን ኮስተር ብላ ነበር። ፖሊስ ትመስያለሽ እያልኩ እቀልድባት ነበር። ምን ሆና ነው የተኮሳተረችው?»

«ስትስቅ አነሳኋት» አሉ አዴ ቀነኒ። «ከዚያ አፍሽን ዝጊ አልኳትና ሌላ አነሳኋት። የዘጋችው እኔ ስላልኳት ነው።»

ኦቦ ቶለራ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር ዓይናቸው ውስጥ መጣ። እኔ ደነገጥኩ። የምናውቀው ነገር አለ፤ የሳቀ ሰው ፎቶ መሥሪያ ቤት አይቀበልም፤ ቢመልሱባት ኖሮ ከዚያ ሁሉ ዳገት ዳግመኛ መምጣት ነበረባት። አዴ ቀነኒ ለእሷ አዝነው ነው ያደረጉት።

«ኦቦ ቶለራ፣ እንዲህ ከሆነ ፎቶ እኮ አይቀበሉም፤ አዴ...»

«ጨልኢሲ! ዝም በይ፣ ሌንሴ» አሉ አዴ ቀነኒ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ተዪያቸው። ይናደዱ።»

ኦቦ ቶለራም ተናደዱ። በየሐኪም ቤቱ በር ስለቆሙባቸው ቀናት ተናገሩ። የሰው ሚስት ሰቅለው ስላለቀሱ ለቀስተኞች፣ «እማዬን የት አደረሳችኋት» ስላለችው ልጅ፣ ስለነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ተናገሩ። «አንቺ ምን ቸገረሽ! ሳቂ እንጂ አትሳቂ ይባላል?» ብለው ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። አዴ ቀነኒ እጆቻቸውን ወደ ጎን ለቀው፣ ፊት ለፊታቸው ቆመው፣ አንዱንም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ። በዚያ ቤት ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው እንዲህ ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም።

ጨርሰው ሲያበቁ ኦቦ ቶለራ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«በትልቁ አድርጊልኝ» አሉ። «እንዲሁ እንዳለች።»

አዴ ቀነኒ ለእኔ አልተዉትም። ራሳቸው ወረቀቱን አስገብተው ማተሚያውን አስጀመሩት። ከፀጉሯ ጀምራ ቀስ እያለች ስትወጣ፣ ጥርሷ እስኪደርስ ድረስ፣ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅናት።